ከፈላና በር ወዲህና ወዲያ፦ ረቂቅ የመልክዓ ምድር ሥዕል ከየት ይነሣል?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታየ)



ንግግሬን ከአንድ ስሕተት እጀምራለሁ። ስሕተቱም የራሴ ነው። ከዐሥር ዓመት በላይ ይሆነዋል፤ በአንድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ስሙን አልጠራውም፣ የተመራቂዎችን ሥራ ከሚመዝኑት ፈታኞች አንዱ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ተማሪ ቁመቱ ከእርሷ የሚበልጥ ሸራ አቁማ ቀረበች። ሸራው ከሞላ ጎደል አንድ ቀለም ነው፤ አመድ የመሰለ ነጭ፣ አልፎ አልፎ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ተቀብቶ የተፋቀ፣ እንደገና ተቀብቶ እንደገና የተፋቀ። ከላይኛው ጠርዝ ጥቂት ዝቅ ብሎ አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር ታልፋለች፤ መስመሯ ግን ከዳር እስከ ዳር አትደርስም። ርእሱ «ሐረማያ» ይላል።

«ሐይቁ የታለ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እሱን ነው የሣልሁት፣ መምህር» አለችኝ።

ከፈታኞቹ አንዳንዶቹ ሣቁ፤ ከሣቁትም አንዱ እኔ ነበርሁ። የሰጠኋት ነጥብ ለማለፍ ያህል ብቻ ነበር። በአስተያየት መስጫው ቦታም «ሥራው ከተፈጥሮ ጋር ያለው ግንኙነት አይታይም» ብዬ ጻፍሁ። ይህን ዐረፍተ ነገር በቃሌ የማስታውሰው በኋላ ብዙ ጊዜ ስለ ተመለሰብኝ ነው።

በተከታዩ ዓመት በታኅሣሥ ወደ ሐረር ሄድሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ከከተማው ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው በሐረማያ ሐይቅ ጥግ ያልፋል። በሐይቁ ጥግ ማለቴ በቀድሞው አነጋገር ነው፤ ሐይቁ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቋል። ምክንያቱ አንድ አልነበረም። የሐረር ከተማ የሚጠጣው ከእርሱ ነበር፤ በዙሪያው ያለው የጫትና የአትክልት እርሻ የሚጠጣው ከእርሱ ነበር፤ ከተራቆተው ተዳፋት የሚወርደው ደለልም ሆዱን ሞላው። መኪናው ሲያልፍ በመስኮት የታየኝ አመድ የመሰለ ነጭ መሬት ነው፤ አልፎ አልፎ ወደ ቢጫ የሚያደላ። በዳሩ፣ የጉድጓድ ውሃ በሞተር በሚሳብበት በኩል፣ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ይታያል። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር አይደርስም።

ያንን ሥፍራ ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው ደረቅ ሜዳ ያሳየናል። ደረቅ ሜዳ ደግሞ በሌላም አገር ሞልቷል። እርሷ የሣለችው ሜዳውን ሳይሆን ውሃው እየሸሸ ደረጃ በደረጃ የተወውን ነው፤ እየቀባች የፋቀችው ለዚህ ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ለዚያች ተማሪ መስጠት የነበረብኝ መልስ ነው ብትሉ አትሳሳቱም።

አስቀድመን በቃላቱ እንስማማ። «ረቂቅ» የምንለው ቃል አውሮፓውያን ከሚጠቀሙበት ቃል ጋር አንድ ዕለት የተወለደ አይደለም። የእነርሱ ቃል ምንጩ ላቲን ነው፤ ጎትቶ ማውጣት፣ ነጥሎ መውሰድ ማለት ነው። በዚህ አስተሳሰብ ሠዓሊው ከዛፍ ዛፍነቱን፣ ከተራራ ተራራነቱን ነጥሎ ይወስዳል። የእኛው «ረቀቀ» ግን ቀጠነ፣ ሰለለ፣ ለእጅና ለዓይን እስከማይጨበጥ ድረስ ደቀቀ ማለት ነው። በቀደመው ትምህርት ነፍስ ረቂቅ ናት፤ መላእክት ረቂቃን ናቸው። ረቂቅ የተባለ ነገር የለም ማለት አይደለም፤ አለ፣ እንዲያውም ከሚዳሰሰው ይልቅ ጸንቶ አለ፣ ነገር ግን በዓይን ብቻ አይያዝም። ቃሉን ለሥዕል ያዋሉት ሰዎች ይህን አስበው ይሁን ሳያስቡት መልካም ነገር አድርገዋል። እርግጥ ሌላ ትርጉምም አለው፤ «ረቂቅ አዋጅ» ስንል ገና ያልጸደቀ፣ ያላለቀ ማለታችን ነው። ብዙ ተመልካች ረቂቅ ሥዕልን የሚያየው በዚህ በሁለተኛው ትርጉም ይመስለኛል፤ ሠዓሊው ሳይጨርሰው የተወው አድርጎ።

«መልክዓ ምድር»ም ልብ ሊባል የሚገባው ቃል ነው። መልክዕ በግእዝ ድርሰት ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው፤ ደራሲው ቅዱሱን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግሩ ጥፍር በየአካሉ እየለየ ሰላምታ ያቀርብለታል። አንድ መልክዕ ሰምቶ የቅዱሱን ፊት በወረቀት ላይ መሣል የሚችል ሰው የለም፤ ደራሲው ስለ ዓይኑ ሲናገር የዓይኑን ቀለም አይነግረንም፣ ዓይኑ ያየውን ይነግረናል። ምድርንም በዚህ መንገድ የሚያመሰግን ሥዕል ሊኖር ይችላል። ሸለቆውን የሚለካ ሳይሆን ለሸለቆው ሰላምታ የሚያቀርብ ማለቴ ነው። በዚህ ሥፍራ «ሰምና ወርቅ» የሚለውን እንድጠቅስ የምትጠብቁ ትኖራላችሁ። አልጠቅሰውም። ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ በሚጻፈው ሁሉ ውስጥ እንደ በርበሬ እየተነሰነሰ ጣዕሙን አጥቷል፤ ደግሞም ረቂቅ ሥዕል ከሰሙ ሥር የተደበቀ ወርቅ የለውም፤ ያለው ሁሉ ላዩ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሥፍራው እንሂድ። በስክሪኑ ላይ የምታዩት ፈላና በር ነው። ጀጎል ከሚባለው የሐረር ቅጥር አምስት ጥንታዊ በሮች የሰሜኑ ነው፤ ሐረሪዎች በቋንቋቸው አሱም በሪ ይሉታል። ሌሎቹ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በርና ኤረር በር ናቸው። ቅጥሩ የተሠራው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን ሲሆን ርዝመቱ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳል። በውስጡ ያለው ከተማ 48 ሄክታር ብቻ ነው፤ በዚህች ጠባብ ቦታ ውስጥ 82 መስጊዶችና ከ100 በላይ የአውሊያ መቃብሮች እንዳሉ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ቅርስ አድርጎ ሲመዘግበው አስፍሯል። ቁጥሮቹን የምጠቅሰው ለመመሪያ መጽሐፍ አይደለም፤ ስለ መጠጋጋት እንድታስቡ ነው።

በጀጎል ውስጥ የሚኖር ሰው አድማስ አያይም። ከ360 በላይ ናቸው በሚባሉት ጠባብ መንገዶች ውስጥ ስትሄዱ ከፊታችሁ ያለው ግድግዳ ነው፤ ነጭ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ዝናብ የላሰው ኖራና ከሥሩ ብቅ ያለ ሐሺ ድንጋይ። ልብስ ሰፊዎቹ በተደረደሩበት፣ ከስፌት መኪናው ድምፅ የተነሣ «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ ደግሞ ጨርቁ ከላይ እስከ ታች ተንጠልጥሎ ግድግዳውንም ይሸፍነዋል። ርቀት የለም። ሰማይ ቢታይ እንኳ በሁለት ግድግዳዎች መካከል እንደ ተዘረጋ መቀነት ነው የሚታየው። ዓይን በዚህ ከተማ ውስጥ ሲያድግ ነገሮችን በርቀታቸው ሳይሆን በቀለማቸውና በጠርዛቸው መለየት ይማራል።

በፈላና በር ሲወጡ ግን በአንድ እርምጃ ሁሉም ይገለበጣል። መሬቱ ይከፈታል፤ ማሽላ፣ ጫት፣ ከእርሻ የሚመለሱ ሰዎች፣ ጭነት ያላቸው አህዮች፣ ከዚያ ወዲያ ደብዛዛ ኮረብታ። በሩ ክፈፍ ነው፤ ወዲህ ቆሞ ወዲያ ለሚያይ ሰው የተዘጋጀ ክፈፍ።

በዚህ ላይ ፀሐይ የምታደርገውን ልንገራችሁ፤ ሠዓሊ ለሆናችሁ ይጠቅማል። ሐረር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ከጥቂት ላይ ትገኛለች። ስለዚህ የቀትር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ በትክክል አናት ላይ ትቆማለች። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ያለው የቀትር ፀሐይ ከደቡብ የሚመጣ ነው። ፈላና በር ደግሞ ወደ ሰሜን ያያል። እንግዲህ በታኅሣሥ ቀትር ላይ የበሩ ውጫዊ ፊት በጥላ ውስጥ ነው፤ በበሩ ቀዳዳ የሚታየው ምድር ግን ከተመልካቹ ጀርባ በሚመጣ ብርሃን ፊት ለፊቱን ይመታል። ፊት ለፊት የተመታ ነገር ጥላው ከኋላው ስለሚወድቅ አይታይም። ጥላ ከሌለ እብጠትና ጉድጓድ የለም፤ ኮረብታው ኮረብታ መሆኑ ይቀርና ጠፍጣፋ ሰማያዊ ይሆናል፣ እርሻው ጠፍጣፋ ቢጫ፣ አፈሩ ጠፍጣፋ ቀይ። በጥቁር ጥላ የተከበቡ ሦስት የቀለም ንጣፎች። ሠዓሊው ገና ብሩሹን ሳያነሣ ተፈጥሮ ራሷ ግማሹን ሥራ ጨርሳዋለች። በግንቦት ተመልሳችሁ ብትሄዱ ግን ፀሐይዋ ወደ ሰሜን አልፋለች፤ ኮረብታው ከጀርባው ይበራል፣ የበሩም ፊት ብርሃን ያገኛል፤ ሌላ ሥዕል ነው።

በዚያ በታኅሣሥ ለዘጠኝ ቀናት ከበሩ ሥር ተቀምጬ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ወረቀቴ ሁሉንም ነገር ይዟል፤ ቅስቱን፣ ድንጋዩን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውን፣ አህያውን፣ ሌላው ቀርቶ የአህያውን ጭነት ገመድ። ሥዕሉ ትክክል ነበር፤ ግን የትኛውም በር ሊሆን ይችላል። በሦስተኛው ቀን ገመዱን ተውሁት። በአምስተኛው ቀን አህያውን ተውሁት፤ አህያውን ስተው ግን የእርምጃውን ፍጥነት ማስቀረት አልቻልሁም፤ ከታች ወደ ላይ የሚሄድ የተቆራረጠ መስመር ሆኖ ቀረ። በዘጠነኛው ቀን ወረቀቴ ላይ የነበሩት ሦስት ንጣፎችና ያ መስመር ብቻ ነበሩ።

ብዙ ሰው ቆሞ አየኝ። አብዛኞቹ ምንም እንዳልሆነ ነገሩኝ፤ አንድ ልጅማ ገንዘብ ከፍዬ እንደ ተማርሁት ሲሰማ አዘነልኝ። አንድ ሽማግሌ ግን ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ማሽላው ከታጨደ በኋላ ነው የሣልኸው፣ ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ማሽላ የለም፤ አገዳም የለም። ያለው ቢጫ ነው፤ ነገር ግን የቆመ ማሽላ ቢጫና የታጨደ ማሳ ቢጫ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ውስጡ ግራጫ ገብቶበታል። እኔ ግራጫውን የቀላቀልሁት ስላየሁት ነው፤ ለምን ግራጫ እንደሆነ ግን አላሰብሁትም ነበር። እርሳቸው ያውቁታል። ረቂቅ ሥዕልን ሕዝብ አይረዳውም ሲባል በሰማሁ ቁጥር እኒያ አባት ይታወሱኛል።

ከዓለም ታሪክ አንድ ታሪክ ላቅርብ፤ ከዚህ በር ጋር ስለሚዛመድ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1914 ሦስት ወጣት ሠዓልያን፣ ፓውል ክሌ፣ አውጉስት ማከና ሉዊ ሟዬ፣ ወደ ቱኒዝያ ተጓዙ። ከቱኒስ ተነሥተው ቃይሩዋን ደረሱ፤ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተች፣ እንደ ሐረር በቅጥር የተከበበች የእስልምና ትምህርት ከተማ ናት። ክሌ እስከዚያ ድረስ ይበልጡን የመስመር ሰው ነበር፤ ቀለም ያስቸግረው ነበር። በዚያ ከቅጥሩ ውጭ ተቀምጦ በውሃ ቀለም የሠራው «በቃይሩዋን በሮች ፊት» የተባለ ሥራ አለ። አሸዋውና ሰማዩ እርስ በርስ የሚዋዋሱ ቀጫጭን የቀለም ካሬዎች ሆነዋል፤ ከተማዋ የምትታወቀው በጥቂት ጉልላት መሳይ ቅርጾች ብቻ ነው። የዘመናዊ ሥዕል ታሪክ ጸሐፊዎች የክሌን ቀለም ከዚህ ጉዞ ያስጀምሩታል። ማከ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በጦርነት ተገደለ።

ይህን ታሪክ ለመስማት እንወዳለን፤ አውሮፓዊው ሠዓሊ በአፍሪካ በር ላይ ቆሞ ዓይኑ ተከፈተ። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ክሌ በዚያ የቆየው ጥቂት ቀናት ነው። በቅጥሩ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ልጅስ ብሩሽ ቢይዝ ምን ይሣል ነበር? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ወደ ቱኒዝያ መሄድ አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ገብረ ክርስቶስ ደስታ ተወልዷል።

አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ፣ በብራና ላይም ሐረግና ሥዕል የሚያወጡ ሰው ነበሩ። ልጁ የመጀመሪያ ትምህርቱን በሐረር፣ ቀጥሎም በአዲስ አበባ ተከታተለ። ኮሌጅ ሲገባ የጀመረው የእርሻ ሳይንስ ነበር፤ ትቶት ወጣ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ፤ በአገራችን የረቂቅ ሥዕል ዋና ጀማሪ የሆነው ሰው ለአፍታም ቢሆን አፈርን ሊያጠና የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ ጀርመን፣ ወደ ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል አጠና። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተመልሶ፣ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን ተቀበለ። ከአብዮቱ በኋላ አገሩን ለቀቀ፤ በ1981 በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ሞተ። ገና 50 ዓመት አልሞላውም ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የሚጠራው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል የተከፈተው በ2008 ሲሆን ከጀርመን የተመለሱ ሥዕሎቹ እዚያ ይገኛሉ። ያላያችሁት ሂዱና እዩ፤ ከዚህ ንግግር ይልቅ እርሱ ይጠቅማችኋል።

ጀጎልን በገብረ ክርስቶስ ረቂቅ ሥዕሎች ውስጥ ፈልጌ ላሳያችሁ አልመጣሁም። እንዲህ ያለው ፍለጋ ደመና ውስጥ ግመል እንደ መፈለግ ነው፤ የፈለገ ሁሉ ያገኛል። የምለው ሌላ ነው። በተመለሰ ጊዜ የቀረበበት ነቀፋ «ይህ የፈረንጅ ነው» የሚል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ያልሞተ ነቀፋ ነው። ነቃፊዎቹ ረቂቅነት ከኮሎኝ በሻንጣ የመጣ ነው ሲሉ ሁለት ነገሮችን አላዩም።

አንደኛው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለው ነው። በኋለኛው የጎንደር ዘመን አሣሣል ከቅዱሳኑ በስተ ኋላ ምን አለ? ዛፍም ተራራም እምብዛም አታገኙም። ያለው ከቢጫ ወደ ቀይ፣ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚሸጋገር የቀለም ንጣፍ ነው። ቅዱሱ የቆመበት ምድር አለ፤ ምድሩ ግን ቀለም ብቻ ነው። ይህን የማያውቁ ሠዓልያን ድክመት አድርገው የጻፉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ለሥዕሉ ዓላማ የሚበቃውን ያህል ምድር እንደ ሰጡት አያለሁ። የብራና ሠዓሊ ልጅ ይህን ከማንም በፊት በቤቱ አይቷል።

ሁለተኛው የሐረር ቤት ውስጡ ነው። ወደ ሐረሪ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው ቀይ ነው፤ ደረጃ ደረጃ ሆነው የተሠሩት መደቦች ቀይ የሚቀቡበት ልማድ አለ። ስለዚህ ቀይ የሚነገረው እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው የሚል ነው። ከመደቡ በላይ በነጩ ግድግዳ ላይ ሴቶቹ የሰፏቸው ስፌቶች በሥርዓት ተሰቅለዋል፤ ሦስት ማዕዘን፣ ጥምዝ፣ ካሬ፣ ከማዕከል ወደ ዳር የሚፈነዳ ኮከብ። አንድም የሰው መልክ የለም፤ ግን ማንም የቤቱ ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ጦርነት በቀለም ብቻ ይታሰባል፤ ያለ ምስል፣ ያለ ጽሑፍ።

ይህን ይዛችሁ የገብረ ክርስቶስን «ጎልጎታ» ተመልከቱ፤ በ1963 የሣለው ነው። ጎልጎታ የቦታ ስም ነው፤ ኮረብታ ነው። ዓይናችን ግን ኮረብታ ከመፈለጉ በፊት ደም የመሰለው ቀይ ይይዘዋል። ሥፍራውን የምናውቀው በሆነበት ነገር እንጂ በመልኩ አይደለም። የሐረር መደብ ለዚህ ሥዕል ምንጩ ነው አልልም፤ ይህን የሚያህል ነገር በመመሳሰል ብቻ አይደፈርም። ነገር ግን ቀይ ቀለም ያለ ምስል ሊያስታውስ እንደሚችል በቤት ውስጥ ከሚያውቅ ከተማ የመጣ ሰው ይህን ከባዕድ መማር ግድ ሆኖበታል ማለት አይቻልም። ከኮሎኝ የተማረው፣ በእኔ እምነት፣ ፈቃድ ነው፤ የሚያውቀውን በሸራ ላይ ለማድረግ ፈቃድ።

ገጣሚም ነበር፤ ከሞተ በኋላ የታተመው መድበሉ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ይባላል። «ሀገሬ» የተባለውን ግጥሙን በትምህርት ቤት ያልሰማ እዚህ ያለ አይመስለኝም። በግጥሙ አገርን በተፈጥሮዋ የጠራ ሰው በሥዕሉ ለምን ተራራና ወንዝ በግልጽ አላስቀመጠልንም ብለው የሚጠይቁ ተማሪዎች ነበሩኝ። ቃል «ወንዝ» ሲል እያንዳንዱ ሰሚ የየራሱን ወንዝ ያመጣል፤ የተሣለ ወንዝ ግን ያው አንድ ወንዝ ነው። ምናልባት ሠዓሊው ቀለም እንደ ቃል እንዲሠራለት ፈልጎ ይሆናል። ከዚህ በላይ መሄድ አልሻም፤ የጎዳና ሰዎችንም በግልጽ ምስል የሣለ ሰው ስለሆነ በአንድ መንገድ አናስረው።

ፒት ሞንድሪያንን በአጭሩ። እ.ኤ.አ. በ1908 የጀመረውን «ቀይ ዛፍ»፣ የ1911ዱን «ግራጫ ዛፍ»ና የ1912ቱን «ያበበ የፖም ዛፍ» ጎን ለጎን አስቀምጡ። በመጀመሪያው ዛፍ አለ፤ በመጨረሻው የቅርንጫፎቹ ቅስት ብቻ አለ። ይህን በየመማሪያ መጽሐፉ ስለምታገኙት አልዘገይበትም። አንድ ነገር ብቻ፦ ሦስተኛውን መሥራት የቻለው የመጀመሪያውን ስለሠራ ነው። ዛፉን ሳይሠራ በቀጥታ ቅስቱን የጀመረ ሰው የሚያገኘው የመጋረጃ ጨርቅ ነው።

እዚህ ላይ መራራውን ነገር ልናገር። በአዲስ አበባ በየሆቴሉ መግቢያና በየሳሎኑ የተሰቀለው «ረቂቅ የተፈጥሮ ሥዕል» አብዛኛው እንዲህ ያለ መጋረጃ ነው። ከሶፋው ቀለም ጋር እንዲስማማ ተደርጎ በስፓቹላ የተጎተተ ቢጫና ብርቱካናማ፣ ርእሱም «የማለዳ ጸጥታ» ወይም «የአገሬ ትዝታ»። የየትኛው ማለዳ? የየት አገር? ሠዓሊው ሰርቶ ማደሩን አልነቅፍም፤ እኔም ሠርቼ ሸጫለሁ። ተማሪ ግን ልዩነቱን ማወቅ አለበት። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ አንድ ጥያቄ ነው፦ ከዚህ ሥዕል ምን ወጣ? ሠዓሊው መልስ ካለው፣ አህያው ወጣ፣ ጥላው ወጣ፣ ውሃው ወጣ ሊለኝ ከቻለ፣ የወጣው ነገር ቦታውን ትቶ እንደሄደ በሸራው ላይ ይታወቃል፤ ንጣፎቹ የሚጨናነቁት፣ መስመሩ የሚቆረጠው በእርሱ ምክንያት ነው። ምንም ያልወጣበት ረቂቅ ሥዕል መጀመሪያውኑ ምንም አልገባበትም።

ያችን ተማሪ ይህን ጥያቄ ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ መልስ ነበራት። እንዲያውም ሳልጠይቃት መልሳልኝ ነበር።

ከሐረር ከተመለስሁ በኋላ ነጥቡ እንዲታረም ለትምህርት ቤቱ ጻፍሁ። መዝገቡ ተዘግቷል የሚል መልስ መጣ፤ ደንቡም እንደዚያ ነው። ለእርሷም ስልክ ደወልሁ፤ ይህን ለማድረግ ግን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ምክንያቱን ልትገምቱት ትችላላችሁ። ስሕተቴን ነገርኋት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና፣ «እኔም ያኔ በደንብ ማስረዳት አልቻልሁም ነበር» አለች፤ ከእኔ ይልቅ ጨዋ ነበረች። ሸራውን በአንድ ዐውደ ርእይ ላይ ማሳየት እንደምሻ ስነግራት ግን ሣቀች።

«ሸራው እኮ የለም፣ መምህር። ሸራ መግዣ አልነበረኝም፤ ሌላ ሣልሁበት።»

«ምን ሣልሽበት?»

«የሰው መልክ። ታዝዤ ነው። ሰውየው ወስዶታል።»

በቅርብ ዓመታት ወደ ሐረማያ ውሃ ተመልሷል። ባለፈው ጊዜ ሳልፍ ሾፌሩን አስቁሜ ወረድሁ። ከዳር ያለው አረንጓዴ ሰፍቷል፤ ወፎችም መጥተዋል። ያን አመድ የመሰለ ነጭ ፈለግሁት፤ ከውሃው ሥር ነው። ሥዕሉም እንዲሁ በአንድ ሰው ሳሎን፣ በአንድ ባለ ከረባት ሰው ፊት ሥር አለ።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።